አልበላም ስላለ የእባብ ልጅ

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



የዛሬው ንግግራችን አርእስት በአንዳንዶቻችሁ ዘንድ ፈገግታን፣ በሌሎቻችሁም ዘንድ ነቀፌታን ሳያስከትል አይቀርም። «እባብ ይገደላል እንጂ ይቀለባልን?» የሚለው ጥያቄ ከወዲሁ ይሰማኛል። በእርግጥም በአገራችን እባብ የታየ እንደ ሆነ የሚፈለገው ዱላ ነው። ሆኖም በዛሬው ዘመን በብዙ አገር የሚገኙ ሊቃውንት ገና ከእንቁላሉ የወጣ የእባብ ልጅ አልበላም ብሎ እንዳይሞትባቸው ሌሊት ከቀን ይጨነቃሉ። የጭንቀታቸውም ምክንያት ከጎንደር ደጋ ወደ ቆላ ለሚወርደው የቀን ሠራተኛ ሕይወት ቅርብ ስለ ሆነ ነገሩን ከዚያው ከአገራችን እንጀምረዋለን።

ከጎንደር ከተማ ወደ ሳንጃ በሚወስደው መንገድ ላይ ትክል ድንጋይ የምትባል ከተማ አለች፤ የላይ አርማጭሆ ወረዳ መቀመጫ ናት። በእርስዋና በዙሪያዋ ካለው ደጋ ብዙ ወጣት በክረምት ለአረም፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ደግሞ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ታች አርማጭሆና ወደ ምዕራብ አርማጭሆ፣ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ይወርዳል። ሰሊጥ ጊዜው ካለፈ ፍሬው ከእንቡጡ ፈንድቶ መሬት ላይ ስለሚረግፍ አጨዳው ችኮላ ነው፤ ሠራተኛውም ገና ሳይነጋ እጁን ወደ አገዳው ሥር ይሰድዳል፤ ሲመሽም ባዶ መሬት ላይ ይተኛል። እባብም በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መሬት ላይ አይጥና ጊንጥ ፍለጋ ይንቀሳቀሳል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ማኅበር በአብደራፊ ለብዙ ዓመታት በሠራበት ጊዜ ከካላዛር በሽተኛ ጎን በእባብ የተነደፈውንም ሠራተኛ ሲያክም የኖረው ስለዚህ ነው።

በዚያ ቆላ ከሚገኙት እባቦች ሁለቱን ማወቅ ይገባል። አንደኛይቱ ወፍራሟ እፉኝት ናት፤ ሊቃውንቱ «ቢቲስ አሪኤታንስ» ይሏታል። በደጋም በቆላም ትገኛለች፤ ሰው ሲቀርባት አካሏን ነፍታ በኀይል ትተነፍሳለች፤ ግን ከቦታዋ ስለማትሸሽ ብዙ ሰው ሳያያት ይረግጣታል። ሁለተኛይቱ አነስተኛ ናት፤ ርዝመቷ ከአንድ ክንድ እምብዛም አያልፍም፤ ስሟም «ኤኪስ» ነው። ይህች ስትቆጣ ሰውነቷን እያጠማዘዘች መጋዝ የመሰለውን የጎን ቅርፊቷን እርስ በርሱ ታፋትገዋለች፤ ድምፁም በመጥበሻ ላይ የሚንጣጣ ቅቤ ይመስላል። መርዝዋ የደምን የመርጋት ኀይል ያጠፋል። የተነደፈው ሰው ከድዱና ከአሮጌ ቁስሉ ይደማል፤ አንዳንድ ጊዜም ደሙ ወደ አንጎሉ ይፈስሳል።

ለዚህ መርዝ የታወቀው መድኀኒት አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ከራሱ ከእባቡ መርዝ ይገኛል። አልቤር ካልሜት የተባለው የፈረንሳይ ሐኪም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1894 ዓ. ም. ባስተዋወቀው ዘዴ መሠረት ከሕያው እባብ የተወሰደ ጥቂት መርዝ በየጊዜው ወደ ፈረስ ሰውነት ይገባል። ፈረሱም መርዙን የሚያከሽፍ ነገር በደሙ ውስጥ ያዘጋጃል፤ ከዚያም ከደሙ ጥቂት ተቀድቶ ይጣራል፤ በብልቃጥም ይታሸጋል። በብራዚል አገር በሳን ፓውሎ የሚገኘው የቡታንታን ተቋም በ1901 ዓ. ም. ከተመሠረተ ጀምሮ በዚሁ ሥራ የታወቀ ነው። ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ አልፎም እንኳ የሥራው መሠረት አልተለወጠም። ስለዚህ መድኀኒቱ እንዲኖር መርዙ መኖር አለበት፤ መርዙም እንዲኖር እባቡ በጤና መኖር አለበት፤ እባቡም እንዲኖር መብላት አለበት።

«ከዱር ትልልቁን እባብ ይዞ ማምጣት አይሻልምን?» የሚል ይኖራል። ይህም ይሠራበታል፤ ነገር ግን ከዱር የተያዘ እባብ በሆዱ ትላትል፣ በቅርፊቱም መካከል መዥገር ይዞ ይመጣል፤ ሲያዝም ይጎዳል፤ ከድንጋጤውም የተነሣ ብዙ ጊዜ ምግብ ሳይቀምስ ይሞታል። በሰው እጅ የተፈለፈለው ግን የሰውን ኮቴና የሣጥኑን ሽታ ለምዶ ስለሚያድግ በጤና ለብዙ ዓመታት መርዝ ይሰጣል። ስለዚህ በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል የሐሩር አገር ሕክምና ትምህርት ቤትም ሆነ በጎረቤታችን በኬንያ በናይሮቢ ባለው የእባብ ንድፊያ ምርምር ማዕከል እባብን አሳምሮ ማኖር ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ከዚህም ሙያ አስቸጋሪው ክፍል የመጀመሪያውን ጉርሻ ማስጎረስ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የእባብ ልጅ ለምን አልበላም ይላል?

በመጀመሪያ፣ ሁልጊዜ እምቢታ አይደለም። ከእንቁላል የወጣ የእባብ ልጅ የእንቁላሉን አስኳል ትራፊ በሆዱ ይዞ ስለሚወጣ ለጥቂት ቀናት ስንቅ አለው። አብዛኛውም ጊዜ ከተወለደ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ የመጀመሪያውን ቆዳ እስኪገፍፍ ድረስ ምግብ አይፈልግም። ከዚያም በኋላ ቢሆን ቆዳ የመግፈፊያው ጊዜ ሲቃረብ ዓይኑ ወተት እንደ ፈሰሰበት ይደበዝዛል፤ በዚያ ሰሞን አጥርቶ ስለማያይ መደበቅን ይመርጣል። ይህን የማያውቅ ጠባቂ በየቀኑ ሣጥኑን እየከፈተ ምግብ በአፍንጫው ላይ ሲደቅንበት ጤነኛውን እባብ ያስፈራዋል፤ በእውነትም እንዳይበላ ያደርገዋል። በዚህ ሥራ ከትጋት የተነሣ የሚጠፋው ከስንፍና ከሚጠፋው የሚያንስ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ምክንያት ብርድ ነው። እባብ እንደ እኛ ከውስጡ ሙቀት አያመነጭም፤ ሙቀቱን ከፀሐይና ከመሬት ይበደራል። ሆዱም ምግብ የሚፈጨው ሙቀት ሲያገኝ ብቻ ነው። በደጋ ሌሊት ብርድ የዋጠውን አይጥ ሊፈጨው ስለማይችል ሥጋው በሆዱ ውስጥ ይበሰብሳል፤ እባቡም መልሶ ይተፋዋል ወይም ይሞታል። እንግዲህ ብርድ የያዘው እባብ ምግብ እምቢ ማለቱ ጥበብ እንጂ ድካም አይደለም። ስለዚህ ጠባቂዎቹ የሣጥኑን አንድ ወገን ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ያሞቁታል፤ ሁለተኛውን ወገን ግን ወደ 25 ዲግሪ ይተዉታል፤ እባቡም እንደ ፈቃዱ ከሙቁ ወደ ቀዝቃዛው ይመላለሳል። ሙቀቱ የሚለካው በሣጥኑ ወለል ላይ ነው፤ ክፍሉ ሞቀ ማለት ወለሉ ሞቀ ማለት አይደለምና። ብዙ ጊዜም ሌላ ብልሃት ሳይጨመር በዚህ ብቻ ትንሹ እባብ አፉን ይከፍታል።

ምግብን መፍጨት ለእባብ ምን ያህል ከባድ ሥራ እንደ ሆነ ለማስረዳት አንድ የታወቀ ምርመራ ልጥቀስ። በ2005 ዓ. ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመ ጥናት እንዳሳየው የበርማ ዘንዶ ትልቅ ምግብ በዋጠ በ48 ሰዓት ውስጥ የልቡ ግድግዳ ሥጋ በመቶ 40 ያህል ይጨምራል፤ ሆዱ ባዶ ሲሆንም ተመልሶ ይቀንሳል። በአንድ ማዕድ ምክንያት ልቡን የሚያሳድግ ፍጥረት ለመብላት ከመወሰኑ በፊት ቢያመነታ አያስደንቅም።

ሦስተኛው ፍርሃት ነው። የእባብ ልጅ በዱር ውስጥ ለወፉም ለድመቱም ለጅግራውም ምግብ ነው፤ ሜዳ ላይ መታየት ማለት መበላት ማለት መሆኑን ሳይማር ያውቃል። ጠባቂው በቸርነት ሰፊ ሣጥን ቢሰጠው እንደ ሜዳ ይቈጥረዋል። መፍትሔው ጠባብ ሣጥን፣ ሰውነቱ የሚነካካበት መደበቂያና ጨለማ ነው። ልምድ ያላቸው ሰዎች አልበላም ያለውን የእባብ ልጅ ክዳኑ በተበሳሳ ትንሽ ዕቃ ውስጥ ከምግቡ ጋር ያኖሩታል፤ በሙቅ ቦታም አስቀምጠው በላዩ ጨርቅ ጥለው እስኪነጋ ድረስ ዘወር ብለው አያዩትም። ጧት ሲከፍቱ ምግቡ ጠፍቶ እባቡ ወፍሮ ይገኛል። ሰው ሲያየው ከማይበላ እንግዳ ጋር ብዙ ልዩነት የለውም።

አራተኛውና እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የሽታ ነገር ነው። ለጠባቂው የሚመቸው ምግብ የአይጥ ልጅ ነው፤ ጸጉር ያልበቀለበት፣ ዓይኑም ያልተገለጠ። በቤተ ሙከራ ይራባል፤ ታርዶ በበረዶ ቤት ይቀመጣል። የእባብ ልጅ ግን አይጥ ምን እንደ ሆነ ላያውቅ ይችላል። በዱር ያሉት ብዙ የእባብ ልጆች በመጀመሪያ የሚበሉት ትንንሽ እንሽላሊትና እንቁራሪት ነው፤ ኤኪስማ መቶ እግርንና ጊንጥን፣ አንበጣንም ትበላለች። እባብ ምላሱን ሹካ አድርጎ የሚያወጣው ለመንደፍ እንደ ሆነ ብዙ ሰው ያምናል፤ ይህ ስሕተት ነው። ምላሱ ከአየሩና ከመሬቱ ላይ ሽታን ጠርጎ በአፉ ጣሪያ ወዳለ ልዩ የማሽተቻ አካል የሚያደርስ መልእክተኛ ነው። መልእክተኛው «ይህ ምግብህ አይደለም» ብሎ ከመለሰለት እባቡ በረኃብ ቢሞት እንኳ አፉን አይከፍትም።

ስለዚህ ጠባቂዎቹ ያታልሉታል። የቀዘቀዘውን የአይጥ ልጅ አቅልጠው፣ በእጅ ሲዳሰስ ሙቅ እስኪሆን ድረስ በሞቀ ውሃ ያሞቁታል፤ ከዚያም በሞተ እንሽላሊት ቆዳ ያሹታል። ለሌላው እንቁራሪት፣ ለሌላውም ጊንጥ ይሆናል። በረጅም ወረንጦ ይዘው በቀስታ ያንቀሳቅሱታል፤ ሕይወት ያለው እስኪመስል ድረስ። እባቡ ሦስት አራት ጊዜ በዚህ ሽታ ከበላ በኋላ ሽታውን በየጊዜው እየቀነሱለት ይሄዳሉ፤ በመጨረሻም አይጡን እንዳለ ይቀበላል። ይህም ካልሆነ የሞተውን አይጥ ጭንቅላት ሰንጥቀው ያቀርቡለታል፤ መስማት የሚቀፍ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ይሳካል። የምግቡ መጠን ከእባቡ ወፍራም ክፍል መብለጥ የለበትም። ሕያው አይጥ መስጠትም አይመከርም፤ ጥርስ ያወጣ አይጥ ያልራበውን እባብ ነክሶ ይገድለዋልና።

ይህን ዕውቀት የሰበሰቡት ሊቃውንት ብቻ አይደሉም። በአውሮፓና በአሜሪካ መርዝ የሌለውን እባብ እንደ ድመት በቤታቸው የሚያሳድጉ ብዙ ሰዎች አሉ፤ ከሚወዱትም አንዱ በኢትዮጵያም ዘመዶቹ የሚገኙት፣ በየቤቱና በየጎተራው ሥር አይጥ የሚያድነው ጉዳት የለሹ የአፍሪካ ቤት እባብ ነው። የእነርሱ ትዕግሥት ያስገኘው ዘዴ ዛሬ ወደ መርዘኞቹ እባቦች ሣጥን ተሻግሯል። ይህን ስናገር ግን ማንም በግቢው እፉኝት እንዲያሳድግ መምከሬ አይደለም፤ የእፉኝት ልጅ ከተወለደበት ሰዓት ጀምሮ ጥርስም መርዝም አለው። ስለ እፉኝት ልጅ ካነሣን ዘንድ፣ «የእናቱን ሆድ ቀድዶ ይወጣል» የሚባለውም ተረት ነው። ወፍራሟ እፉኝት ልጆቿን በሕይወት ትወልዳለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 40፤ በቼክ አገር በአንድ የአራዊት ማኖሪያ የነበረች የኬንያ እፉኝትም 156 ወልዳለች፤ እናቶቹ ከወለዱ በኋላ ይኖራሉ። ኤኪስ በአፍሪካ እንቁላል ትጥላለች።

ሙከራው በየስንት ጊዜው ይደረግ? በየአምስት ወይም በየሰባት ቀኑ አንድ ጊዜ ይበቃል። በመካከሉ ንጹሕ ውሃ ከሣጥኑ አይጠፋም፤ እባቡም አይነካም። ለእያንዳንዱ እባብ የመዝገብ ካርድ አለው፤ የቀረበለት ምግብ፣ ቀኑ፣ መቀበሉ ወይም እምቢ ማለቱ፣ የቆዳው መገፈፍና ክብደቱ ይጻፍበታል። ከሁሉም የሚበልጠው ክብደቱ ነው። ለሁለት ወር ያህል ምንም ያልቀመሰ የእባብ ልጅ ክብደቱ ካልቀነሰ ይጠበቃል፤ ከመቶ አሥር እጅ በላይ ከቀነሰ ግን ሐኪም ይጠራለታል፤ አፉ ቆስሎ፣ ወይም ሆዱ ትላትል ይዞ ሊሆን ይችላልና። ትልቅ እባብ ወራትን ያለ ምግብ ያሳልፋል፤ ትንሹ ግን የስብ ስንቅ የለውም።

የመጨረሻው መንገድ በግድ ማጉረስ ነው። ትንሽ የአይጥ ልጅ ጭንቅላት በቀስታ ወደ አፉ ይገባና እባቡ ራሱ እንዲውጠው ይተዋል፤ ይህም ካልሆነ የተፈጨ ምግብ በቀጭን የላስቲክ ቱቦ ወደ ሆዱ ይገባል። መርዘኛ በሆነው ላይ ሲደረግ እባቡ በመጀመሪያ ውስጡ በሚታይ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ እንዲገባ ተደርጎ ይያዛል፤ ሁለት ሠልጣኝ ሰዎችም ያስፈልጋሉ። በግድ የጎረሰ እባብ ብዙ ጊዜ ይደነግጣል፤ የበላውንም ይተፋል። ስለዚህ ደኅና ጠባቂ ወደዚህ መንገድ የሚሄደው ሙቀቱን፣ መደበቂያውን፣ ሽታውንና ጊዜውን ሁሉ ደጋግሞ ከመረመረ በኋላ ነው። በራሱ ፈቃድ ከበላ ደግሞ ለሁለት ቀን ማንም አይነካውም።

ይህ ሁሉ ድካም በሩቅ አገር እባብ ለምን አይተካም ቢባል፣ መልሱ በጋና የደረሰው ነገር ነው። በአፍሪካ የሚሠራው ጥሩው መድኀኒት ባነሰ ጊዜ በሕንድ እባብ መርዝ የተዘጋጀ ርካሽ መድኀኒት ወደ ምዕራብ አፍሪካ ገባ፤ የብልቃጡ ስያሜ ተመሳሳይ ነበረ። የሕንዷ ኤኪስና የአፍሪካዋ ኤኪስ ግን ምንም ዘመዳሞች ቢሆኑ መርዛቸው አንድ አይደለም። በጋና በአንድ ሆስፒታል ከመቶ ተነዳፊዎች ሁለት ያህል ይሞቱ የነበሩት ወደ 12 አሻቀቡ። ከዚያም ፋቭ አፍሪክ የተባለውን የታወቀ የአፍሪካ መድኀኒት ያዘጋጅ የነበረው የፈረንሳይ ኩባንያ በ2014 ዓ. ም. ሥራውን አቆመ፤ የመጨረሻውም ብልቃጥ የአገልግሎት ዘመኑ በሰኔ 2016 አበቃ። የዓለም የጤና ድርጅት የእባብን ንድፊያ በ2017 ከተረሱት የሐሩር አገር በሽታዎች መዝገብ ካስገባው በኋላ፣ በ2019 ባወጣው ዕቅድ እስከ 2030 ሞቱንና የአካል ጉዳቱን በግማሽ ለመቀነስ አስቧል።

አገራችን መድኀኒቱን ከውጭ ታስገባለች። ስለዚህ በመድኀኒት ግዥና በጤና አስተዳደር ሥራ የተሠማራችሁ አድማጮቻችን ብልቃጡ ላይ ከስሙና ከዋጋው በፊት አንድ ነገር እንድትመለከቱ ያስፈልጋል፤ ይኸውም በየትኞቹ እባቦች መርዝ እንደ ተዘጋጀ ነው። በጽሑፉ ላይ የአፍሪካዋ ኤኪስና ወፍራሟ እፉኝት ከሌሉ ያ ብልቃጥ ለአርማጭሆ ሠራተኛ አይጠቅምም።

ወደ ቆላ ለሚወርድ ዘመድ ደግሞ የሚነገረው አጭር ነው። በሌሊት በባትሪ እንጂ በጨለማ አይሂድ፤ ነዶ ሲያነሣ በመጀመሪያ በእንጨት ያንቀሳቅሰው፤ ከመሬት ከፍ ያለ መኝታ ያብጅ። ከተነደፈም ቁስሉ አይበጣ፣ አይመጠጥ፣ በገመድም አይታሠር፤ ጥቁር ድንጋይ ማስቀመጥም መርዝ አያወጣም። የተነደፈው አካል እንደ ተሰበረ አጥንት በእንጨት ተደግፎ፣ ሰውየው ሳይራመድ በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። በዚያም ትልቅ መሣሪያ የማይጠይቅ ምርመራ አለ፤ ከደሙ ሁለት ሚሊ ሊትር በአዲስና በደረቅ የብርጭቆ ቱቦ ይቀዳል፤ 20 ደቂቃ ሳይነካ ይቀመጥና አንድ ጊዜ ይዘነበላል። እንደ ውሃ ከፈሰሰ መርዙ ደሙን እንዳበላሸው ታውቋልና መድኀኒቱ ይሰጣል። ፈሳሹ መድኀኒት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ማቀዝቀዣ ውስጥ መኖር አለበት፤ ደርቆ ዱቄት የሆነው ግን ያለ ማቀዝቀዣም ስለሚቆይ፣ መብራት በሚቋረጥበት የቆላ ጤና ጣቢያ የሚሻለው እርሱ ነው።